የትንሿ ላፕቶፕ ደብዳቤ

እኔ እንጀራ የምበላው የሰው ላፕቶፕ ውስጥ ባለማየት ነው። ይህ ቢያስቃችሁ አልፈርድባችሁም። ደብረ ማርቆስ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው አልጠፋባትም፤ ከኔ የሚሻል ባለሙያም ሞልቷል። ሰው ግን መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከፎቁ ደረጃ ሥር ወዳለችው ጠባብ ሱቄ የሚመጣው «ፈንታው የሰው ፎቶ አያይም፤ የሰው ፋይል አይከፍትም» እየተባባለ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አላይም። በዚህ ጠባዬ ስኮራ ኖሬ ኖሬ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ይኸው ጠባዬ ጉድ ሠራኝ።

የብርጓልን ያወቅኋት ጥቅምት ላይ ነው። ደብረ ኤልያስ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማርቆስ እየመጣች ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ተመዝግባ፣ ላፕቶፕ ፍለጋ ሱቄ ገባች። መጀመሪያ ያየሁት ትከሻዋን ያጎበጠውን የመጻሕፍት ቦርሳ ነው። ፊቷን አላየሁም።

«ትልቅ፣ ጠንከር ያለ ስጠኝ» አለች። «ባልደረቦቼ ሁሉ የያዙት ትልቅ ነው።»

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትልቁን የሚሸከምልዎት ሰው አለ?»

«የለም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ላፕቶፕ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃው አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። የት ይሠሩበታል? እንዴት ይጓዙበታል? መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋብዎታል?»

«ስንት ቀን ይመጣል ብለህ ጠይቀኝ» አለች።

ሦስት አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁላት። አንደኛው ስክሪኑ የመስኮት ያህል ነው፤ ባትሪው ግን መብራት በጠፋ በሰዓት ተኩል ውስጥ ይተኛል፤ ክብደቱም ቦርሳዋ ላይ ሌላ ቦርሳ መጨመር ነው። ሁለተኛዋ ስስ፣ የምታብለጨልጭ፣ ለዓይን የምትማርክ ናት፤ ነገር ግን ሰው ተጠቅጥቆ በሚጓዝበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ክርን ያረፈባት ቀን ስክሪኗ ይሰነጠቃል። ሦስተኛዋ ለተማሪ ተብላ የተሠራች፣ አሥራ አንድ ኢንች፣ ጠርዟ በጎማ የተለበጠ ትንሽ ላፕቶፕ ነበረች። ከሁለት መማሪያ መጽሐፍ አትከብድም። ማራገቢያ ስለሌላት አቧራ አትስብም፤ ድምፅም አታሰማም። ሞልተው ከወጡ ቀኑን ሙሉ ታሠራለች፤ በስልክ ቻርጀርም ትሞላለች።

«ጉድለቷስ?» አለች።

ይህን የሚጠይቅ ገዢ በዓመት አንድ ቢመጣ ነው። ደስ አለኝ።

«ማከማቻዋ ጠባብ ነው። እሱም ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ተፈትቶ አይወጣም፤ በሌላም አይተካም። ቁልፎቿ ለወፍራም ጣት አይመቹም። ብዙ ከጫኑባት ደግሞ ትንቀራፈፋለች።»

«እንደኔው ናታ!» ብላ ሣቀች። ሣቋ የደከመው ሰው ሣቅ ነበር። «ይህችኑ ስጠኝ። ደግሞ እርስዎ አትበለኝ፤ ታላቄ ነህ።»

የአማርኛ መጻፊያ ጫንሁላት፤ የይለፍ ቃልም አበጀሁላት። «ቤትሽ ስትደርሺ የይለፍ ቃሉን ቀይሪው» አልኋት።

«ለምን? አንተ ብታውቀው ምን ይሆናል?»

ይህን ስትለኝ ቀና ብዬ ላያት ፈለግሁ፤ አንገቴ እምቢ አለኝ። ከሄደች በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልህ አለኝ።

* * *

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲደርስ ሱቄን ጠዋት ሁለት ጊዜ መጥረግ ጀመርሁ። ከትምህርቷ ወጥታ የደብረ ኤልያስ መኪና እስኪሞላ ድረስ እኔ ዘንድ ባለ ሦስት እግሩ ዱካ ላይ ቁጭ ትላለች። ከጎረቤት ሻይ ይመጣልናል። አማርኛ መጻፍ በሁለት ጣቷ ትለማመዳለች፤ ፊደል ሲጠፋባት እኔ ከወዲህ ሆኜ፣ ስክሪኑን ሳላይ፣ የትኛውን እንደምትነካ እነግራታለሁ።

«ለምንድን ነው ቀና ብለህ የማታየኝ?» አለችኝ አንድ ቅዳሜ።

ነገርኋት። ምን እደብቃለሁ? አባቴ አማረ ከመርጡለ ማርያም ማዶ ባለች መንደር የሚኖር ቀጥቃጭ ነው። አገሩ የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ የሠራው እሱ ነው፤ ከቤቱ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። የቀጥቃጭ ዘር ዓይኑ ይበላል ተብሎ፣ እኛ ልጆቹ ስናልፍ እናቶች የሕፃናቸውን ፊት ይሸፍኑ ነበር። እናቴ «ልጄ፣ ዓይንህን ሰብሰብ አድርግ። ያየኸው ነገር ቢታመም የምትጠየቀው አንተ ነህ» እያለች አሳደገችኝ። እንደተባልሁት ሰበሰብሁት። አሁን ልፍታው ብልም አልፈታ አለኝ። ከተማ ገብቼ ሰው በእጄ ሥራ ሲያመሰግነኝ እንኳ መልሴን የምሰጠው ለጫማው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች። ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ገመሰችልኝ። እኔ ግማሹን በልቼ ሳስቀምጥ፣ የኔን ትርፍ አንሥታ በላች።

«የባዮሎጂ መምህርት መሆኔን ረሳኸው?» አለች አፏን ሞልታ። «ዓይን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ወደ ውጭ የሚልከው ነገር የለም። ለልጆቹ በየዓመቱ የማስተምረው ነው።»

ሣቅሁ። መኪናው ይዟት ሲሄድ ግን በሩን ገርበብ አድርጌ አለቀስሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተሸከምሁትን ነገር አንዲት ሴት ዳቦ እያላመጠች አወረደችልኝ።

* * *

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። አንድ ቅዳሜ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ ከአምስተኛው በኋላ መቁጠሩን ተውሁት። ሱቄን ግን መጥረጌን አልተውሁም።

በጥር ማለቂያ የደብረ ኤልያሱ መኪና ሹፌር፣ ገዳሙ የሚባለው፣ እንደምንም ብሎ ሰው ጭኖ ገባ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ትንሿ ላፕቶፕ ናት።

«የብርጓል ልካብሃለች። ሞልታ ተንቀራፈፈችብኝ፣ አይቶ ይላክልኝ ብላለች። የትምህርቷን ሥራ በፍላሽ ገልብጣለች። ነገ ጠዋት እመለሳለሁና አድርስልኝ» ብሎኝ ወጣ።

ያን ቀን የሌላ ሰው ሥራ አልነካሁም። እንደ ልማዴ በራሴ ፍላሽ አስነሣኋት፤ የሷን ገጽ ሳልከፍት፣ አንድም ፋይል ሳላይ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ከሥር አዲስ ሲስተም ጫንሁላት። የዚች ዓይነቷ ትንሽ ላፕቶፕ ስትሞላ መድኃኒቷ ይኸው ነው። ቁልፎቹን በብሩሽ ሳጸዳ በመካከላቸው የጠመኔ ብናኝ አገኘሁ። የእጇ ነው ብዬ እሱን እንኳ ቶሎ አላራገፍሁትም።

ወረቀት አነሣሁ። «ናፍቀሽኛል» ልል ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ወረቀት በሹፌር እጅ ነው የሚሄደው፤ አባቷ አቶ ወንድምአገኝ ደግሞ አገር የሚያውቃቸው እህል ነጋዴ ናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ ለልጃቸው እንዲህ ብሎ ጻፈ ቢባል መከራዋን የምታየው እሷ ናት። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ሁሉም ጠፍቶ ጸድቷል። ውስጡ የነበረውን አላየሁም፤ አትሥጊ። እግዜር ይጠብቅሽ። ፈንታው።» ክዳኑ ሥር ለጠፍሁትና ላክሁላት። ክብሯን የጠበቅሁላት መስሎኝ ደረቴ ሞልቶ ነበር።

መልስ አልመጣም። በየካቲት ገዳሙ ተመልሶ ሲመጣ ወሬውን ይዞ መጣ። ለየብርጓል ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቷ ጌታሰው ለሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ቃል ሰጥተዋል፤ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

«እንኳን ደስ ያላት» አልሁ። ከዚያ የያዝሁትን መፍቻ ማስቀመጫ አጥቼ ብዙ ቆምሁ።

* * *

በመጋቢት መንገዱ ተከፈተ። የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነበር፤ ሰውም ከተማውም የዛለበት ጊዜ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ደጄ ላይ አንድ ጥላ ቆመ። ጫማዋን ሳይ አወቅኋት።

ገባች። ዱካው ላይ አልተቀመጠችም። ትንሿን ላፕቶፕ ፊቴ አኖረቻት።

«ይህችን ዕቃ ግዛኝ።»

«ትምህርቱስ?»

«ትቼዋለሁ። ትዳር ከያዝሽ ምን ያደርግልሻል ተባልሁ። መከራከር ሰለቸኝ።»

ሌላ የምለው ስላጣሁ እንደ ማንኛውም ዕቃ መፈተሽ ጀመርሁ። ማጠፊያዋ ደህና ነው። ጎማዋ አልተላጠም። ባትሪዋ ጤነኛ ነው። ስከፍታት ገጹ እኔ እንደተውሁት ባዶ ነው፤ ከላክሁላት ቀን ጀምሮ አንድ ፊደል አልተጻፈባትም።

«አልሠራሽባትም እንዴ?»

«ምን ልሥራባት? የጻፍሁትን ታጠፋብኛለህ።»

«እኔ? ምን አጠፋሁብሽ?»

«ተወው ፈንታው። አንብበህ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ‘አላየሁም፤ አትሥጊ’ ማለት ምን ማለት ነው? የሰው ልብ እንደ እድፍ አጥበህ፣ ደረሰኝ ቆርጠህ ላክህልኝ! አልፈልግሽም ብትለኝ እኮ እችለው ነበር።»

«ምኑን ነው ያነበብሁት?»

«ደብዳቤውን!»

«የምን ደብዳቤ?»

ከውጭ ረዳቶቹ «ኤልያስ! ኤልያስ!» እያሉ ይጣራሉ። ልጅን እንደምታስረዳ ሁሉ ቀስ እያለች ተናገረች።

«ስትከፈት በሚመጣው ገጽ ላይ፣ መካከሉ ላይ አስቀምጬው ነበር። ስሙንም ‘ለፈንታው’ ብዬው ነበር። በወረቀት ብጽፈው ሳይደርስህ አገር ያነበዋል። የላፕቶፗን የይለፍ ቃል የምናውቀው ግን አንተና እኔ ብቻ ነን። ስለዚህ ተበላሸች ብዬ ላክኋት። ምንም አልተበላሸችም ነበር።»

ወንበሬን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥሁ።

«አልከፈትሁትም» አልሁ። «በፍላሽ ነው ያስነሣሁት። ገጹን አላየሁትም። እኔ የሰው ገጽ አልከፍትም፣ የብርጓል። ታውቂኛለሽ።»

«የኔንም?»

ተቆጥታ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ዱካው ላይ ቁጭ ብላ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ለሁለት ወር ያህል ስትጠላኝ የነበረው በከንቱ መሆኑ ሲገባት፣ ጥላቻውም እንደ ሥራ አድክሟት እንደነበር አየሁባት።

«መመለስ ይቻላል?» አለች።

«ትልቁን ወስደሽ ቢሆን ዲስኩን ፈትቼ አዲስ አበባ ባለሙያ ዘንድ እልከው ነበር። የዚች ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። በላዩም አዲስ ጭኜበታለሁ። ይህች ስታጠፋ አጥፍታ ነው።» የጎማ ጠርዟን ዳሰስሁ። «እኔው ነኝ የመረጥሁልሽ። እንዳይከብድሽ ብዬ።»

«ቀላል ናት፤ አልዋሸህም» አለችና ልትሥቅ ሞክራ ተወችው።

«ምን ይል ነበር?»

«ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ቃል በቃል አላስታውሰውም። የጻፈችው ሴት ከኔ የበረታች ነበረች።» ግድግዳውን እያየች ቀጠለች። «ሽማግሌ እንደመጣብኝ፣ አባቴን አሥራ አምስት ቀን ብቻ ታገሠኝ እንዳልሁት ጻፍሁልህ። አንድ ሽማግሌ እንኳ ብትልክ፣ ‘አጥንቱ ምንድን ነው፣ የማን ዘር ነው’ ለሚሉት እኔ ራሴ ተነሥቼ መልስ እሰጣለሁ አልሁህ። ካልፈለግኸኝ ደግሞ በሁለት መስመር ንገረኝ፣ አላስቸግርህም ብዬ ጨረስሁት። ሁለት መስመር ላክህልኝ።»

«ዓይኔ ሰው እንዳይጎዳ ስሰበስበው ነው የኖርሁት» አልሁ። እንባዬ ቁልፎቹ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረግሁትም። «ይኸው ባለማየቴ ጎዳሁሽ። ከሰው ሁሉ ለይቼ አንቺን።»

«አንተን ብቻ አልፈርድብህም። እኔስ ያን ወረቀት ሳነብ ለምን ተነሥቼ አልመጣሁም? በእግርም ቢሆን በሁለት ቀን ይደረሳል። ኩራቴ ያዘኝ። አባቴ ደግሞ ‘ምን ትያለሽ’ ሳይለኝ ቃል ሲሰጥ አጎንብሼ ዝም አልሁ። ዝምታዬን እሺታ አሉት።» ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታሰው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ደክሞኛል ፈንታው። ሰው የፈለገውን ፈርቶ ላልፈለገው ሲደገስለት እንዴት እንደሚደክም አታውቅም።»

«አውቃለሁ» አልኋት። «ከአንቺ በፊት ጀምሬ አውቃለሁ።»

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። እኔ ባስተማርኋት በሁለት ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ መጻፍ ጀመረች። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ በሩ አዞርሁ። ከውጭ ገዳሙ ክላክስ አደረገ፤ የመጨረሻው መኪና ሊሞላ ነው። እሷ አልተቻኮለችም። ጽፋ ስትጨርስ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።

«አንብብ» አለች። «አሁንስ በፈጠረህ፣ ቀና ብለህ አንብብ።»

አነበብሁ።

«አባቴ ቃል ሰጥቷል። እኔን የጠየቀኝ የለም። አንተ ጠይቀኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ ዓይኔን ከስክሪኑ አንሥቼ ፊቷ ላይ አሳረፍሁት። አምስት ወር የማውቃትን ሴት ያን ጊዜ አየኋት። ከዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ከንፈሯ በጾሙ ደርቋል። በግራ ጉንጯ ላይ ትንሽ የጠባሳ ምልክት አለ፤ መቼ እንዳገኛት አላውቅም። ውብ ናት ብዬ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን ከውበቷ በፊት የታየኝ ድካሟ ነው፤ ድካሟን ነው መጀመሪያ የወደድሁት።

«የብርጓል፣ ለኔ ለቀጥቃጭ ልጅ ማን ሽማግሌ ይሄድልኛል? ያውም በተሰጠ ቃል ላይ?»

«ማንም ካልሄደልህ አንተው ትመጣለህ። እኔ ዛሬ ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ ለጌታሰውም ራሴ እነግረዋለሁ። ከሰው አፍ መስማት የለበትም። አንተ ስትመጣ አባቴ ያባርርሃል። ትመለስና ደግሞ ትመጣለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ። እስኪደክመው ነዋ። ድካም ለኛ ብቻ የተፈጠረ አይደለም።»

ሁለታችንም ሣቅን። ሣቁ ውስጥ አባቷ አሉ፣ አገሩ አለ፣ በሠርጉ ፋንታ የሚመጣው ሐሜት አለ፤ ሁሉንም እያየን ነው የሣቅነው።

«መጀመሪያ ግን ጠይቀኝ» አለች።

ዓይኔን ከፊቷ አላነሣሁም። አንገቴ ቢያመኝም አላነሣሁም።

«ታገቢኛለሽ?»

ቶሎ አልመለሰችልኝም። ገዳሙ ሁለተኛ ክላክስ አደረገ፤ በስሟም ተጣራ። እሷ እየሰማችው አልተነሣችም። ለሷ የሚሆነውን ሲወስኑላት ለኖረች ሴት፣ «ምን ትያለሽ» መባል ብቻውን ጊዜ የሚፈልግ ነገር መሆኑ ገባኝና ጠበቅኋት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ።

ድምፅዋ የዛለ ነበር። የኔም እጅ ጠረጴዛው ላይ እንደ ዛለ ነበር፤ እጇን አምጥታ ላዩ ላይ አሳረፈችው። ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ከእስካሁኑ የከፋ እንደሚሆን አውቀናል። ደክሞን ሳለን ደስ አለን።